ጋሽ ደምሴ በዓይናቸው የለኩት ጣራ

ናፍታሊን ሲሸተው ሌላው ሰው ትዝ የሚለው የአክስቱ ሳጥን ወይም ብል የበላው ጋቢ ነው። እኔ ትዝ የሚለኝ ባህር ነው። ባህር ግን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ትልቁ ውሃ በክረምት ድልድዩን ሊነካ የሚደርሰው የአቃቂ ወንዝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከአቃቂ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄድ ሚኒባስ የኋለኛው ወንበር ላይ ተጣብቀን ተቀምጠናል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው እዚያ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕጣው በወጣልን ቀን ሰፈሩን በእልልታ ያናወጠችው ባለቤቴ አሁን ሽንኩርት ባለቀ ቁጥር ደረጃውን የምታስወርደው እኔን ነው፤ ስለዚህ ጉልበቴ ላይ ሽንኩርት ይዣለሁ። ሠላሳዎቹን ልትጨርስ የተቃረበች አንዲት ሴት በላስቲክ የተሸፈነ ልብስ በክንዷ ላይ ዘርግታ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። የታክሲው ረዳት ጎርናና ድምፅ ያላት ሴት ናት። «እህት፣ ዕቃሽን ከወንበር ስር አድርጊው፣ ሰው ይጠጋ» አለቻት። «ይሄ ከስር አይገባም» አለች ሴትየዋ፣ ረጋ ብላ። ናፍታሊኑ የሸተተኝ ያን ጊዜ ነው። ዞር ስል እሷም ዞር ብላ ታየኛለች። «መምህር፣ አላወቁኝም? ማዕበል ነኝ እኮ። የጋሽ ደምሴ ልጅ።»

የሚገርመው፣ ፊቷን ሳላውቅ ሽታውን ማወቄ ነው። ሰሞኑን ስለ ባህር ኃይል እንደገና መወራት ጀምሯል፤ የድሮዎቹን መርከበኞች ለአንድ ስብሰባ ጠርተዋቸዋል አለችኝ። አባቷ ሰባ ሊሞላቸው ነው፤ ከስተዋል። ልብሱን በሰቃ ሰፈር ልብስ ሰፊ ጋ አስጠብባ እየመለሰችላቸው ነበር። እሷ ራሷ ቃሊቲ ጉምሩክ ትራንዚተር ሆና ትሠራለች፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር ሁሉ በእጇ ያልፋል። ታክሲው መንገድ ተዘጋግቶበት ቆመ። እኔ ግን መንገድ አልተዘጋብኝም፤ ሃያ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ።

ያኔ አቃቂ ሰዓት የምትሞላው በፋብሪካው ጡሩምባ ነበር። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ጡሩምባው ግን አልተለወጠም። ሲጮህ ከጨርቃ ጨርቁ በር ሴቶች በሦስት በአራት ተያይዘው ይወጣሉ፣ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳረፈ፣ ሳቃቸው ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ ድረስ እየተሰማ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በሃያ አምስት ሳንቲም። ከተማ ለመሄድ ውይይት የምንላት ታክሲ ነበረች፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን፣ የማናውቀውን ሰው ችግር ሁሉ ሰምተን እንወርዳለን። የአሁኑ ታክሲ ውስጥ ሰው ስልኩን ብቻ ነው የሚያየው። ሻይ ቤቶቹ የሚያጫውቱት ካሴት ክሩ ሲላላ ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ይጎትተዋል፤ አንዱ ተነስቶ ክሩን በእስክሪብቶ ያጠብቅና ዘፈኑ ነፍስ ይዘራል። ልብስ ሳልባጅ ነው። እኔ ራሴ ሰፊ ትከሻ ያለው ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ ውስጡ ላይ የማላውቀው የአንድ ፈረንጅ ስም ተሰፍቶበታል። ሳልባጅ ተራ የማይሸጥ ነገር አልነበረም፤ የወታደር ካፖርት፣ የፖስተኛ ኮፍያ፣ የአብራሪ ጃኬት። ማንም የፈለገውን ለብሶ የፈለገውን መስሎ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ጠዋት ጠዋት ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እሑድ ከሰዓት ደግሞ የእትዬ ዘነበች ቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። እትዬ ዘነበች ከፈትል ክፍል የተሰናበተች ቆፍጣና ሴት ናት፤ ሳሎኗን ባዶ አድርጋ አግዳሚ ወንበር ደረደረች፣ መስኮቱን በጥቁር አቡጀዲ ጋረደች፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ አስገባች። መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም፤ እኔ የቆምኩ ዕለት ግን ስሙኒ ትጨምርበታለች። ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸት ነው። ዱላ ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን እቆምና ፈረንጆቹ የሚሉትን ወደ አቃቂ አማርኛ እመልሳለሁ። ያልገባኝንም እመልሳለሁ፤ ሲስማት «ደህና ዋልሽ ብሏታል»፣ ሲተኩስበት «ቀድሞ ሰድቦት ነው» እላለሁ። ተመልካቹ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ አክተር አይሞትም፣ አክተር አይሸነፍም። አክተሩ ገና ብቅ ሲል ይለዩታል፣ ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሳያልቅ ውጤቱን ያውቁታል። ያም ሆኖ በየሳምንቱ እየከፈሉ ይመጣሉ፤ ይህን እስከ ዛሬ እወድላቸዋለሁ።

ማዕበል ተማሪዬ ነበረች። አሥራ አራት ዓመቷ፣ ቀጭን፣ ደብተሯን በጋዜጣ የምትለብድ ልጅ። የተወለደችው ወደብ ላይ ነው፤ አባቷ ከባህር ኃይሉ መበተን በኋላ እሷን ይዘው መጥተው በሰቃ ብየዳ ቤት ገቡ። በር ይሠራሉ፣ መስኮት ይሠራሉ፤ ሰፈሩ «ደምሴ መርከቡ» ይላቸዋል፣ ለማክበር አይደለም። አንድ ቀን «አባቴ» በሚል ርዕስ በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ አዘዝኩ። ማዕበል ተነስታ አነበበች። አባቷ ለጥገና የመጣ፣ ከውሃ በታች የሚሄድ የውጭ አገር መርከብ ሆድ ውስጥ እየገባ ይበይድ እንደነበር ጽፋለች። ከኋላ አንዱ «የት? አቃቂ ወንዝ ላይ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። አስተማሪ ነኝ፣ ዝም ማሰኘት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ግን ቀልዱ ጥሩ መስሎኝ ጥርሴ እስኪታይ ሳቅሁ። ደብተሯን ዘጋች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም።

ሐዲዱ አጠገብ አክስቷ ጋ ተቀምጣ ድንችና ቲማቲም ስትሸጥ አየኋት። ስታየኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። እኔም ቲማቲም እንደሚመርጥ ሰው ትንሽ ቆምኩና አንድም ቃል ሳይወጣኝ ሄድኩ። አርብ ዕለት ዳይሬክተሩ ጠሩኝ፤ የሚኒስትሪ ፈተና ምዝገባ ሰኞ ይዘጋል፣ ልጅቷ ሰኞ ካልተገኘች ስሟ ይሰረዛል አሉኝ። በክፍሌ እንግሊዝኛ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ብየዳ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ አንድ የግቢ በር ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ ሲያዩኝ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር የሄድኩት። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ጋሽ ደምሴ፣ ነገ የሰርጓጅ መርከብ ፊልም አለን፤ ቃላቱ አይገቡኝም፣ መጥተው ያግዙኛል?» እሳቸው የብረቱን ብናኝ ከእጃቸው አራገፉ።

«ልጄ ለምን ትምህርት እንዳቆመች ያውቃሉ፣ መምህር?»

መልሴን ሳይጠብቁ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወለቁ።

«ማታ ራት ላይ 'አባዬ፣ ዋሽተኸኝ ነው?' አለችኝ። ምን ላሳያት? ወረቀቴ ሁሉ እዚያው ቀርቷል። ልብሱን አወጣሁላት። 'ይሄማ ሳልባጅ ተራም አለ' አለችኝ። ልክ ናት፤ አለ።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «እሷንም ይዘዋት ይምጡ» አልኩ።

እሑድ ሳሎኑ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ ደምሴ በነጭ ልብስ መጡ። ሱሪው ከታች የሰፋ፣ አንገትጌው ሰማያዊ መስመር ያለው፣ መታጠፊያው ሁሉ ቢላ የሆነ። የናፍታሊኑ ሽታ ቤቱን ሞላው። «ወተት ማከፋፈል ጀመርክ እንዴ?» አላቸው ቶሎሳ። ቶሎሳ የሽመና ክፍል መካኒክ ነው፤ አያቶቹ ፋብሪካው የቆመበትን መሬት ያርሱ ስለነበር፣ አቃቂ ውስጥ በማንኛውም ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል መናገር የውርስ መብቱ ይመስለዋል። ሰው ሳቀ። ማዕበል በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ለመውጣት እንድትመቻት።

ካሴቱ የመጣው ያን ቀን ጠዋት ስለነበር ቀድሜ አላየሁትም። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የጦርነት ጊዜ ታሪክ። ጠላት ባህር ዳር የሰርጓጅ መርከቦች ጣቢያ ሠርቷል፤ መርከቦቹ እየወጡ የስንዴ መርከብ ያሰምጡና ተመልሰው ከሲሚንቶ ጣራ ስር ይደበቃሉ። አክተሩ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ጣቢያውን እንዲያወድም ታዟል። የሰዎቹን ንግግር እኔ ተረጎምኩ። ሰርጓጅ መርከቡ ሲመጣ ዱላውን ለጋሽ ደምሴ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ አንገትጌያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ዱላውን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ አሳርፈው ማስረዳት ጀመሩ፤ ውሃ በየት ገብቶ እንደሚያሰምጠው፣ አየር በየት ገብቶ እንደሚያነሳው፣ አልጋው ስለማይበቃ አንዱ ተራው ደርሶ በተነሳ ጓደኛው ሙቀት ላይ እንደሚተኛ። ይህን ማንም ፊልም አልነገረንም። ሳቁ ቀነሰ።

አብራሪዎቹ ሊነሱ ሲሉ የጠላት መሐንዲስ ጣራው ጫፍ ላይ ቆሞ ታየ። ጋሽ ደምሴ ዱላውን አቆሙ። «አይፈርስም» አሉ።

«ምኑ?» አለ ቶሎሳ።

«ጣራው። ሰውየውን እዩት፣ ጫፉ ላይ ቆሟል። የጣራው ውፍረት የሱን ቁመት ሁለት ጊዜ ይሆናል። ይሄን መምታት የነበረባቸው ሲሚንቶው ሲፈስ ነው። አሁን ደርቋል። አልቋል።»

ቤቱ ተንጫጫ። «ጋሼ፣ አክተሩ እኮ ነው የሚመታው!» «አክተር ስቶ ያውቃል?» ቶሎሳ ተነስቶ ቆመ። «በሰው ፊት እንነጋገር፣ ደምሴ። ጣራው ከፈረሰ ይህችን ነጭ ልብስ ወደ ሳልባጅ ተራ መልሳት፣ የመርከቡንም ወሬ ተወን። ካልፈረሰ እኔ እዚያ ፊት ወጥቼ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።» ጋሽ ደምሴ ቶሎሳን አላዩም። ያዩት በሩ አጠገብ ያለችውን ልጃቸውን ነው። «እሺ» አሉ።

አውሮፕላኖቹ በደመና ውስጥ በረድፍ መጡ። የሞተሩ ድምፅ የእትዬ ዘነበችን ብርጭቆዎች አንጫጫ። የቦምቡ በር ተከፈተ። መብራት ሄደ።

ያን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ሰው ወንበር ይሰብር ነበር። እትዬ ዘነበች አቡጀዲውን ገለጠችው፤ የከሰዓት ፀሐይ አቧራውን ይዞ ገባ፣ ጋሽ ደምሴም ዱላ እንደያዙ በነጭ ልብሳቸው ብርሃኑ መሃል ቀሩ። ማንም አልወጣም፤ ነገሩ የፊልም ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ነበር። አንዱ «ቆይ፣ አውሮፕላን ሲመጣ ታች ያለው ሰው ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀ።

«እናንተ እስካሁን አውሮፕላኑ ውስጥ ነበራችሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ከዚያ ላይ ወደብ ትንሽ ነገር ነው፣ በአውራ ጣት ይሸፈናል። እኔ ታች ነበርኩ። መርከባችን ሆዱ ተቀዶ ውስጥ ገብቼ እየበየድኩ ነው። አውሮፕላን መጣ። ቦምብ ውሃ ላይ ሲወድቅ በጆሮ አይሰማም፤ በጥርስ ነው የሚሰማው። 'ውጣ' አሉኝ። ብየዳው ግማሽ ነው። ትቼው ብወጣ ውሃ ይገባል፤ ከላይ መድፉ ላይ ደግሞ ልጆች አሉ። አልወጣሁም። ጨረስኩት።»

«አልፈሩም?» አለች እትዬ ዘነበች።

«ፈርቻለሁ እንጂ! እጄ ግን አልተንቀጠቀጠም። እጅ ሲንቀጠቀጥ ብየዳ ላይ ያስታውቃል። አታምኑኝም መሰለኝ፤ ግማሻችሁ ቤት በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ስትገቡ ስፌቱን እዩት።»

ቶሎሳ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። የሱንም የግቢ በር የሠሩት እሳቸው ነበሩ። ማዕበል ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል፤ ከአግዳሚው ጫፍ ወደ መሃል ተጠግታለች። ይህን ታሪክ ለእሷም ነግረዋት አያውቁም ነበር። ለምን እንዳልነገሯት ኋላ ስጠይቃቸው፣ ልጅ በአውሮፕላን ወሬ እንድታድግ አልፈለግሁም አሉኝ።

መብራት መጣ። እትዬ ዘነበች አቡጀዲውን ዘረጋች፣ ዴኩ አጉረመረመ፣ ቦምቦቹ መውረድ ጀመሩ። በጣም ብዙ ነበሩ። ጭሱ ቴሌቪዥኑን ሞላው። «ይኸው!» አለ አንድ ሰው፣ ግን ቀስ ብሎ። እኔ ጋሽ ደምሴን አየኋቸው፤ እሳቸው ጣራውን አይደለም፣ ልጃቸውን ነው የሚያዩት። ጭሱ በዝግታ ሳሳ። ዙሪያው ያለው ከተማ ነዷል፤ ክሬኑ ወድቋል፣ ባቡሩ ተገልብጧል። ጣራው ግን እንዳለ አለ። ላዩ ላይ ድመት ሞንጭራው የሄደች ይመስላል እንጂ ምንም አልሆነም። አክተሩ ሲመለስ አለቃውን «አልፈረሰም» አለው። ይህንን ለመተርጎም አፌን ብከፍትም፣ ሰው ሁሉ ቀድሞ ገብቶታል።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አክተር ተሸንፎ አያውቅማ። ከዚያ ቶሎሳ ኮፍያውን አውልቆ በሰው ጉልበት መሃል እየተላለፈ ወደ ፊት ወጣ። «ጋሽ ደምሴ» አለ፤ ጋሽ ሲላቸው የመጀመሪያው ነው። «ይቅርታ አድርግልኝ። የኔም በር አይፈርስም ማለት ነው።» ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እትዬ ዘነበች እልል አለች። ማዕበል በሰው ላይ ተረማምዳ ሄዳ አባቷ ወገብ ላይ ተጠመጠመች፤ ነጩ ልብስ ላይ እንባዋ ታየ። እንዲያ የኮራሁበት ቀን በሕይወቴ ጥቂት ነው፤ በሰፈሬ ኮራሁ፣ በቶሎሳ ኮራሁ፣ በሰውየው ኮራሁ። በራሴ ግን አልኮራሁም። ቶሎሳን ተከትዬ ልወጣና «እኔም ስቄ ነበር» ልል ነበር፤ ጭብጨባው እስኪበርድ ብዬ ጠበቅሁ፣ ሲበርድ ደግሞ ዘገየብኝ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ተመዘገበች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። ድርሰቷን ድጋሚ አስነበብኳት፤ አንድም ሰው አልሳቀም። ይቅርታውን ግን አላልኳትም። ዓመቱ አለቀ፣ እሷም ወደ ላይኛው ትምህርት ቤት ሄደች፣ የእትዬ ዘነበች ሳሎንም ዲሽ በየቤቱ ሲገባ ተመልሶ ሳሎን ሆነ።

ታክሲው መንቀሳቀስ ጀመረ። «አባዬ አሁንም ጣራ ሲያይ ይለካል» አለችኝ ማዕበል እየሳቀች። «የእናንተን ኮንዶሚኒየም አይቶ 'ይሄ ለአንድ ቦምብም አይበቃ' አለ።» እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ከመሃል ተቆረጠ።

«ማዕበል፣ ያን ቀን ክፍል ውስጥ እኔም ስቄብሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «አውቃለሁ፣ መምህር። ሁሉም ሲስቅ ያየሁት እርስዎን ነው።»

ሽንኩርቱ ጉልበቴ ላይ ከበደኝ። «ታዲያ ለምን ተመለስሽ?»

«ልመለስ አልነበረም። ያን እሑድ ወደ ቤት ስንሄድ አባዬ 'መምህርሽ ዱላውን አቀበለኝ' አለኝ። በቃ፣ ሌላ አላለም። ይቅር ያልኩዎት ያኔ ነው።» ከዚያ ቦርሳዋን ለመፈተሽ ልብሱን ወደ እኔ ዘረጋችው። «እስቲ አንዴ ይያዙልኝ።»

ሽንኩርቱን ከወንበር ስር አደረግሁና ልብሱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ቀላል ነው። ረዳቷ ሰው ልታስገባ ዞር ስትል አየችው፤ «አባባ፣ እሱን ከስር አድርጉት ብያለሁ እኮ!»

«የባህር ኃይል ልብስ ነው» አልኳት። «መሬት አይቀመጥም።»

ከፊታችን የተቀመጠ ወጣት ከስልኩ ቀና ብሎ ዞረ። «ፋዘር፣ የምን ባህር ኃይል? ባህሩ የታለና?» አለ። ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ረዳቷ ሳቀች፣ ሹፌሩም በመስታወቱ እያየን ሳቀ። ማዕበል ቦርሳዋን መፈተሽ አቁማ ወደ እኔ ዞረች።

እኔ አልሳቅሁም። ልብሱን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ሳቁ እስኪያልቅላቸው ጠበቅኋቸው። ከዚያ የልጁን ትከሻ ነካ አድርጌ፣ እስከ ሹፌሩ ድረስ እንዲሰማ፣ በክፍል ድምፄ «ስልክህን አስቀምጥና ስማኝ፤ አንድ ጣራ ነበር» አልኩት።